ክሱ ለንደን፣ ወሬው ሽምብጥ

ይድረስ ለእትዬ፤ ጤና ይስጥልኝ።

የ27 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳር ሽምብጥ እኖራለሁ፤ የምተዳደረው ባጃጅ በመንዳት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። ጨዋታ የምናየው ሰፈራችን ካለ ዲኤስቲቪ ቤት ነው፤ ስምንት ዘጠኝ ዓመት ሳንለያይ አብረን ያየን ልጆች ነን። እንደሚያውቁት የቀድሞ ተጫዋቻችን ቶማስ ፓርቴ እንግሊዝ አገር በአስገድዶ መድፈር ተከሷል። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ "ሴቶቹ ለብር ብለው ነው" ይላል፤ ግማሹ "አለቀለት፣ ከእንግዲህ ኳስ የለም" ይላል። መስከረም 6 ማታ አዲሱ ክለቡ ቪያሪያል ከቶተንሃም ሲጫወት ተቀይሮ ገባ፤ የሜዳው ሰው ጮኸበት፤ እኛም ቤት ጩኸት ሆነ። አብሮ አደጌ ስለ ሴቶቹ እዚህ የማልጽፈውን ነገር ተናገረ፤ ቤቱም ሳቀ። "ተው፣ ነውር ነው" ስለው "ከሃዲ" አለኝ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ የለንም። ሁለት ልጆች ደግሞ "ይፈረድበታል፣ አይፈረድበትም" ብለው አንድ አንድ ሺህ ብር ተወራርደው ብሩን እኔ ጋ አስቀምጠዋል። የኳስ ሕይወቱ በእርግጥ አበቃለት? እኔስ የቱ ጋ ልቁም? ከጓደኛዬ ጋር እንዴት ልታረቅ? የተጫዋቹ 5 ቁጥር ማልያም አለኝ፤ ልልበሰው ወይስ ልተወው?

ታናሽ እህቴ እዚያው ቤት በር ላይ ቡና ታፈላለች። ከዚያ ማታ ወዲህ የጨዋታ ቀን አልሄድም ብላለች፤ ለምን ስላት ታለቅሳለች እንጂ አትናገርም።

የሽምብጡ ባጃጅ ነጂ

ልጄ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤህ ረጅም ስለነበር ለአንባቢ አሳጥሬዋለሁ። ስለ ተጫዋቹና ስለ ክርክራችሁ ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፈሃል። ስለ እህትህ የጻፍከው ሁለት መስመር ብቻ ስለሆነ ከሱ ላይ አንድ ቃል አልቀነስኩም። እንዳነበብኩት ልቤ የቀረው እዚያ ነው፤ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ የጠየቅከኝን ልመልስልህ፤ እናንተ ቤት የተምታታው ነገር ሳይጠራ ለእህትህ የምትለው ቃልም አይገኝምና።

ኳስ ለቤቴ እንግዳ አይደለም። ወንዶች ልጆች አሳድጌአለሁ፤ የጣና ሞገዶቹ፣ የባሕር ዳር ከተማ ልጆች፣ በ2015 ዓ.ም. ሊጉን ሁለተኛ ሆነው ሲጨርሱ ቤቴ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ከዚያ ይልቅ ግን ለረጅም ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ክፍል ሠርቻለሁ። ሰው ሲከሰስ፣ ሲፈረድበት፣ በነጻ ሲሰናበት ወረቀቱ በእጄ ያልፍ ነበር። የምነግርህ ከዚያ የቀረልኝን ነው።

በመጀመሪያ የሆነውን እንደሆነ እናስቀምጠው። ጋናዊው ፓርቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ከአትሌቲኮ ማድሪድ አርሴናል ገባ፤ ዋጋው 45 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። የለንደን ፖሊስ ምርመራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ነው። እንግሊዝ አገር አንድ ሰው ክስ ሳይመሠረትበት ምርመራ ላይ ስላለ ብቻ ስሙ አደባባይ እንዳይወጣ ሕጉ ይጠብቀዋል፤ የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህንኑ በዚያው ዓመት አጽንቶታል። ስለዚህ እናንተ ለሦስት ዓመት ስታጨበጭቡለት በይፋ የተነገራችሁ ነገር አልነበረም። በዚህ ራስህን አትውቀስ። ከአርሴናል ጋር የነበረው ውል ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. አለቀ፤ ሰኔ 27 ተከሰሰ። ያን ቀን የቀረበበት አምስት የአስገድዶ መድፈርና አንድ የወሲብ ጥቃት ክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ደርሷል የተባለ፤ ሦስት ሴቶችን የሚመለከት። በነሐሴ ወደ ስፔኑ ቪያሪያል ሄደ።

አንተ የነገርከኝ ማታ እኮ የሚገርም ማታ ነበር። አርሴናል መጀመሪያ ቢልባኦን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ እናንተም ደስ ብሏችሁ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚጀምረውን ሁለተኛ ጨዋታ ለማየት ቆያችሁ። ሰውየው ያን ማታ ለንደን ሜዳ ላይ ነበር፤ በማግሥቱ መስከረም 7 ቀን 2018 ዓ.ም. እዚያው ለንደን ሳውዝዋርክ ፍርድ ቤት ቆሞ የተነበበለትን ክስ በሙሉ "አልፈጸምሁም" ብሎ ካደ። ያን ጊዜ ለዋናው ክርክር የተያዘው ቀጠሮ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2026 ነበር። ከዚህ በላይ የሚያውቅ ሰው ሽምብጥ ውስጥ የለም፤ ቤዛዊትም የለም፤ አባይ ማዶም የለም። አባቶቻችን አፈርሳታ ሲቀመጡ እንኳ በአገሩ በተፈጸመ ነገር ላይ የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ምሎ ነበር ቃሉን የሚሰጠው። እናንተ ቤት መሐላም የለ፣ ምስክርም የለ፣ አገሩም አገራችን አይደለም።

የቶተንሃም ደጋፊ የጮኸበት ስለ ክሱ ነው ወይስ አርሴናል ስለነበረ ብላችሁ መከራከራችሁን ጽፈህልኛል። ሁለቱም አለበት ባይ ነኝ፤ በአንድ ጩኸት ውስጥ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የእናንተን ቤት ጩኸት ግን እስቲ ለየው። ተከሳሹ ዘመኑን ሁሉ ለቶተንሃም የተጫወተ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ "ሴቶቹ ለብር ብለው ነው" የሚል ስንት ሰው ይገኝ ነበር? ይህን ለጓደኞችህ አቅርብላቸው። መልሱን ሁላችሁም የምታውቁት ይመስለኛል። ጠበቃ የቆማችሁለት ለማልያው ነው።

"ለብር ብለው" የሚለውን ነገር በሕግ በኩልም ልንገርህ። የወንጀል ክስ የገንዘብ ክስ አይደለም። እኛም አገር እዚያም ክሱን የሚመሠርተው ዓቃቤ ሕግ ነው፤ ሴቶቹ ምስክሮች ናቸው። የእንግሊዝ ዓቃቤ ሕግ ወደ ችሎት የሚሄደው ማስረጃውን መርምሮ ጥፋተኛ የሚያሰኝ ተስፋ አለው ብሎ ሲያምን ነው፤ እዚህ ለመድረስም ከሦስት ዓመት በላይ ፈጅቷል። ያ ማለት ግን ተፈረደበት ማለት አይደለም። እዚያ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ከሕዝብ መካከል የተመረጡ 12 ሰዎች ናቸው፤ የሚያጠራጥር ነገር ከቀረ ተከሳሹን መልቀቅ አለባቸው። ተጠረጠረ፣ ተያዘ፣ ተከሰሰ፣ ተፈረደበት፤ አራቱ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እናንተ ቤት አንድ ሆነዋል።

የእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን መብት አጥብቄ እወደዋለሁ። በነጻ የተሰናበተ ሰው ሥራውን፣ ትዳሩን፣ የጎረቤቱን ሰላምታ አጥቶ ከችሎት ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዳኛው በፊት የፈረደበት ሰፈሩ ነበር። ስለዚህ "ወንጀለኛ ነው" የሚሉትን ጓደኞችህን "ገና ነው፣ ቆዩ" በላቸው። ነገር ግን ሰውየውን ንጹሕ ብሎ መቁጠር ሴቶቹን ውሸታም ብሎ ከመስደብ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ዳኛ ምስክርን ሳይሰማ ውሸታም አይልም። እናንተ ሦስቱንም ሴቶች፣ ስማቸውን እንኳ ሳታውቁ፣ ውሸታም ብላችሁ ፈርዳችሁባቸዋል።

ወደ ኳስ ሕይወቱ ልምጣ። "አለቀለት" የሚሉት ልጆችም ተቸኩለዋል፤ በወሲብ ወንጀል ስማቸው የተነሣ ተጫዋቾች መንገድ አንድ አይደለም። ጊልፊ ሲጉርድሰንን ታስታውሰዋለህ፤ ኤቨርተን በክለቡ ታሪክ ትልቁን ገንዘብ ከፍሎ ያመጣው አይስላንዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ክረምት ተይዞ ተመረመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ምንም ክስ ሳይመሠረትበት ጉዳዩ ተዘጋ። ኤቨርተን ግን ከዚያ ወዲያ አላሰለፈውም። ለክስ እንኳ ባልደረሰ ነገር ሁለት ዓመቱ ሄደ። የማንቸስተር ሲቲው ቤንጃሚን ሜንዲ እ.ኤ.አ. በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሣ ተጫዋች ነው። በ2021 ተከሶ ወራት በእስር ቆየ፤ ደመወዙም ተቋረጠ፤ በሁለት ዙር ክርክር እስከ 2023 ሐምሌ ድረስ ከሁሉም ክሶች ነጻ ተባለ። ኋላም የሠራተኛ ጉዳይ ችሎት ከጠየቀው 11 ሚሊዮን ፓውንድ አብዛኛው እንዲከፈለው ወሰነለት። በሕግ አሸነፈ፣ ገንዘቡም ተወሰነለት፤ ኳሱ ግን አልጠበቀውም። ወደ ሎሪያን፣ ከዚያ ወደ ዙሪክ ሄደ፤ የቀድሞው ሜንዲ አልተመለሰም።

ጥፋተኛ የተባሉትስ? የሰንደርላንዱ አዳም ጆንሰን፣ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ሁሉ የተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ላይ በፈጸመው ወንጀል ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ ከወጣ በኋላ በፕሮፌሽናል ክለብ ዳግም አልተጫወተም። ብራዚላዊው ሮቢንሆ ጣልያን ውስጥ የተፈረደበትን ዘጠኝ ዓመት ከ2024 ጀምሮ አገሩ እስር ቤት እየፈጸመ ነው። እሱን ሳንቶስ እ.ኤ.አ. በ2020 ይግባኙ ገና እያለ አስፈርሞት ነበር፤ ስፖንሰሮች "ገንዘባችንን እናወጣለን" ሲሉ በቀናት ውስጥ ውሉን አገደው። ይህን የነገርኩህ ክለብ እንዴት እንደሚያስብ እንድታይ ነው። ክለብ መጀመሪያ የሚያየው ስፖንሰሩን፣ የተጫዋቹን የዝውውር ዋጋና የወቅቱን ነጥብ ነው፤ ስለ ጥፋትና ስለ ንጽሕና የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እናንተ ልጆች የክለቡን ዝምታ እንደ ፍርድ ትወስዱታላችሁ። "ጥፋት ቢኖር ኖሮ አርሴናል ያሰልፈው ነበር?" ብሎህ የለ ጓደኛህ? ክለብ ማሰለፉ ማስረጃ አይሆንም። ማባረሩም ማስረጃ አይሆንም።

የማንቸስተር ዩናይትድ ተጫዋች የነበረውን ሜሰን ግሪንውድን የጠየቅከኝ ማንቼዎቹ ስለሚያነሡባችሁ ይመስለኛል። የእሱ ክስ እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ በዓቃቤ ሕግ ተቋረጠ፤ ዩናይትድ በክረምቱ ሸኘው፤ በሌላ አገር ሊግ እየተጫወተ ነው። ክስ ሲቋረጥ ተከሳሹ አልተፈረደበትም፤ ችሎትም ማስረጃ ሰምቶ አልወሰነም። ከዚህ ወዲያ በሱ የምትሰዳደቡበት ነገር አይታየኝም።

ፓርቴ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1993 ነው የተወለደው፤ ቀጠሮው ሲደርስ 33 ዓመቱ ነው። በነጻ ቢሰናበት ለአማካይ ተጫዋች ሁለት ሦስት ዓመት ይኖረዋል፤ የሚወስደውም ክለብ አያጣም። ጥፋተኛ ከተባለ የእንግሊዝ ሕግ ለአስገድዶ መድፈር ያስቀመጠው ጣሪያ ዕድሜ ልክ ነው፤ ያን ጊዜ የኳሱን ነገር ማንም አያነሣውም። መልሴ ይህ ነው።

አሁን ስለ አንድ ሰው ልንገርህ፤ ከሁሉም በላይ እናንተን የሚመለከት እሱ ነው። ቼድ ኤቫንስ የሚባል የሸፊልድ ዩናይትድ አጥቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 በአስገድዶ መድፈር አምስት ዓመት ተፈረደበት። ተበዳይ የተባለችው የ19 ዓመት ልጅ ነበረች። በእንግሊዝ ሕግ የእንዲህ ዓይነት ሴት ስም ዕድሜዋን ሙሉ አይገለጥም። ደጋፊዎች ግን ተናደው ስሟን በኢንተርኔት ዘረገፉት፤ ሰደቧት፤ "ለብር ነው" አሏት። ዘጠኝ ሰዎች ፍርድ ቤት ቀርበው ማድረጋቸውን አመኑ፤ ለልጅቱ እያንዳንዳቸው 624 ፓውንድ እንዲከፍሉ ታዘዙ። ከዚያስ? ሰውየው ተፈትቶ ወደ ክለቡ ሊመለስ ሲል ከ160 ሺህ በላይ ሰው ፈርሞ ተቃወመ፤ ክለቡም ተወው። በ2016 ደግሞ ፍርዱ በይግባኝ ተሻረ፤ በድጋሚ ታይቶ በነጻ ተሰናበተ፤ ወደ ኳስም ተመለሰ። እንግዲህ እሱ ነጻ ስለተባለ ያ ዘጠኝ ሰው ያደረገው ነገር ትክክል ሆነ? አልሆነም። ስሟን የዘረገፉት ዳኛው ምን እንደሚል ሳያውቁ ነው፤ ፍርዱ ሲገለበጥም የወጣው ስም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይህ ነው።

ከሥራዬ ዘመን የማይለቀኝ አንድ ቀን አለ። ቀጠሮ ያላት ልጅ ነበረች፤ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። የተከሳሹ ጓደኞች አሥር ይሆናሉ፤ ከበር እስከ ችሎቱ ደረጃ ድረስ ተደርድረው ቆመዋል። አንዳቸውም አልነኳትም። ይሳሳቃሉ፤ ዓይተዋት ይሳሳቃሉ። ስሟ ሲጠራ የለችም። በኋላ በር ቢፈትሹ፣ እቤቷ ቢላክ፣ አልመጣችም፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም አልመጣችም። መዝገቡን መደርደሪያ ላይ የመለስኩት እኔ ነኝ። ጥፋተኛ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ምክንያቱም አልተሰማም። እነዚያ ልጆች ጓደኛቸውን የረዱ መስሏቸው ነበር። እሱንም ቢሆን ንጹሕ ከነበረ ንጹሕ የሚባልበትን ቀን ነው የነጠቁት።

እህትህ ያን ማታ በር ላይ ተቀምጣ ረከቦቷ ፊቷ ነበር። ፓርቴ የእናንተን ቤት ወሬ አይሰማም። እነዚያ ሦስት ሴቶችም አይሰሙም። ጓደኛህ የተናገረውን በአራት ክንድ ርቀት ላይ ሆና የሰማችው፣ ሲኒ እየሰጠች የሰማችው፣ እሷ ናት። ከሳቁትም ውስጥ "ወንድሜ" የምትለው፣ እናታችሁ ቤት እንጀራ የበላ፣ ማታ ሲመሽባት የሚያደርሳት ይኖራል። ሴት ልጅ አንድ ነገር ቢደርስብኝ ማን ጋ እሄዳለሁ ብላ በልቧ የምትቆጥራቸው ወንዶች አሏት፤ በዚያ ማታ ስንቱን ከቁጥር እንዳወጣች አስበው። ያ ብቻውን ያስለቅሳል።

ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማታ በፊትም ሆነ በኋላ አንድ ሰው፣ ምናልባትም እዚያው ቤት የሚመጣ ሰው፣ በድሏት ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም፤ እስክታውቅ ብለህም አትመርምራት። "ማነው? ንገሪኝ! ማነው?" የሚል ወንድም እህቱን ይዘጋታል።

እንዲህ አድርግ። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ባጃጅህ ላይ አስቀምጣትና በሐይቁ ዳር ንዳ። አንተ ፊት ፊትህን እያየህ፣ እሷ ከኋላህ። ፊት ለፊት ተያይቶ የማይወጣ ቃል እንዲህ ሲሆን ይወጣል። እንዲህም በላት፦ "ያን ማታ የተባለውን አንቺም ሰምተሻል፣ እኔም ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ተው አልኩና ዝም አልኩ፤ አንቺ እዚያ መኖርሽን አላሰብኩም። የምትነግሪኝ ካለ እሰማሻለሁ። ከሌለም ደግሜ አልጠይቅሽም።" ከዚያ ዝም በል። እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ዝም ብትል አንተም ዝም በል። ያን ቀን ባትናገር፣ የተናገርከው ቃል እሷ ጋ ይቀመጣል።

ከነገረችህ "ለምን እዚያ ሄድሽ፣ ለምን እስካሁን አልተናገርሽም" የሚል ጥያቄ ከአፍህ አይውጣ። ዱላ ይዘህም አትነሣ፤ አንተ ከታሰርክ የሷ ነገር ይረሳና ያንተ ነገር ይሆናል። የደረሰባት ነገር በቅርብ ቀን ከሆነ፣ 72 ሰዓት ሳያልፍ ሐኪም ቤት ውሰዳት፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት የሚሠራው በዚያ ጊዜ ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በጊዜ ሲሆን እርግዝናም ይከላከላሉ። የለበሰችውን ልብስ አታጥቡት። የቆየ ከሆነም ሐኪም አለ፤ ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና የሕፃናት ጉዳይ የሚያዩ ሰዎች አሉ፤ ለመሄድ የምትወስነው ግን እሷ ናት፤ አንተ አጅበህ ትሄዳለህ እንጂ አትጎትታትም። "በሽማግሌ ይለቅ" የሚሉ ዘመዶች ይመጣሉ፤ አትቀበላቸው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 620 ለዚህ ነገር ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው ያስቀመጠው፤ በግ ታርዶ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

የደረሰባት ነገር ከሌለና የከፋት ወሬው ብቻ ከሆነ፣ "ወሬ ነው፣ ተይው" አትበላት። የጨዋታ ቀን ገቢዋ እኮ ከሳምንቱ ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ያን ትታ ነው የቀረችው። ሌላ ቦታ ልታፈላ ከፈለገች፣ ፔዳ በር አካባቢም ቢሆን፣ ረከቦቱንና ከሰሉን አንተ አድርስላት። ወደዚያው መመለስ ከፈለገች ደግሞ መጀመሪያ የቤቱን ባለቤት አነጋግረው። ቡናዋ ለቤቱ ደንበኛ ያመጣ ነበር፤ ይህን እሱም ያውቃል። እሱ ተነሥቶ "እዚህ ቤት ስለ ኳስ እንጂ ስለ ሴት ልጅ ገላ አይወራም" ካለ፣ ያንተን አሥር "ተው" ያህላል።

ስለ አብሮ አደግህ። "ከሃዲ" ማለቱን እርሳው፤ በጨዋታ ሙቀት የወጣ ነው። የሴቶቹን ነገር ግን አትርሳለት። ያን ማታ "ተው" ያልከው አንተ ብቻ ነህ፤ ከዚያ ሁሉ ወንድ መካከል፤ ስለዚህ ይቅርታ የምትጠይቀው ነገር የለህም። በጨዋታ ቀን አትሂድበት፤ ሰው ባለበትም አታንሣው። ቀን ብቻውን አግኘው። ስለ ፓርቴ አታውራ፤ ስለ ፓርቴ ካወራህ ተመልሳችሁ እዚያው ክርክር ውስጥ ናችሁ። እህትህን አስቀድመህ አስፈቅዳትና ከፈቀደች "እህቴ በር ላይ ነበረች፤ የተናገርከውን ሰምታለች፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም" በለው። ሌላ ቃል አትጨምር። ልጅነቱን ከናንተ ቤት ጋር ያሳለፈ ሰው ነው፤ ልብ ካለው ይህ ይበቃዋል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ወደሷ ሄዶ "አጥፍቻለሁ" ቢል ግን ለሷም ለሱም ይጠቅማል፤ ልትቀበለው ፈቃደኛ ከሆነች። ካልሆነች አታስገድዳት፤ ያንተን ዕርቅ ለማሳመር እሷ ይቅር ማለት የለባትም። ግግም ብሎ "ምን አደረግሁ?" ካለ ደግሞ፣ ሰላም በለውና ተለየው፤ ጊዜ ስጠው።

እጅህ ላይ ያለውን ሁለት ሺህ ብር ዛሬውኑ መልስ፤ ለሁለቱም፣ በአንድ ላይ፣ እኩል። ድሮ በላ ልበልሃ ሲሟገቱ በማርም በበቅሎም ይወራረዱ ነበር፤ የሚወራረዱት ግን ነገሩ የደረሰባቸው፣ ለእውነታቸው ከንብረታቸው የሚያሲዙ ተሟጋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። እነዚህ ልጆች ያስያዙት ነገር የሌሎች ሰዎች ሕይወት ነው። "ውርርድ አላስቀምጥም" ካልካቸው ሌላ ሰው ጋ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ይውሰዱት። አንተ ጋ አይደር።

ማልያውን በተመለከተ፤ አትጣለው፣ አታቃጥለውም፤ ሰውየው አልተፈረደበትም። ግን እጠፍና ከሳጥን ግርጌ አስቀምጠው፤ ለንደን ያሉት 12 ሰዎች ቃላቸውን እስኪሰጡ ድረስ። ቅዳሜ ስትወጣ ሌላ ልበስ፤ ስትወጣም እህትህ ታይሃለች።